የመደበኛ የጥርስ ሕክምና ክፍያ፦ የጤና ድርጅቱ የሚሸፍነውና ከተገልጋዩ የሚጠበቀው

በእስራኤል ነዋሪ የሆነና ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ማንኛውም ልጅ፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሞላ አረጋውያን በመንግሥት የጤና መድን ሕግ መሠረት መደበኛ የጥርስ ሕክምና የማግኘት መብት አላቸው። የሕክምናውን ዋጋ ለጥርስ ሐኪሙ የሚከፍለው ተገልጋዩ የተመዘገበበት የጤና ድርጅት (ኩፓት ሆሊም) ነው። ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ለአንዳንዶቹ ሕክምናዎች የተወሰነ የድርሻ ክፍያ ብቻ ሲሆን፣ ለልጆች የሚሰጠው የመከላከያ ሕክምና ግን ያለ ምንም ክፍያ ነው።

ይህ መብት በሕግ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ የሚመጣውን ሒሳብ በመፍራት ልጆቻቸውን ሕመሙ እስኪጸናባቸው ድረስ ወደ ጥርስ ሐኪም የማይወስዱ ወላጆች አሉ። ሌሎች ደግሞ የጤና ድርጅታቸው ሊሸፍንላቸው ለሚገባ አገልግሎት ለግል ሐኪም ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ። በመጀመሪያው ሁኔታ ጉዳቱ በልጁ ጥርስ ላይ፣ በሁለተኛው ደግሞ በቤተሰቡ ኪስ ላይ ይደርሳል። ሁለቱንም ለማስቀረት ተገልጋዮች ገንዘቡ በምን መንገድ ለሐኪሙ እንደሚደርስ፣ የትኛው ሕክምና እንደሚሸፈንና ወደ ክሊኒክ ከመሄዳቸው በፊት ምን ማጣራት እንዳለባቸው ማወቅ ይኖርባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋና ዋና ነጥቦች

• መብቱ የሚገኘው በጤና ድርጅቱ የጥርስ ክሊኒክ ወይም ከድርጅቱ ጋር ውል በገባ ሐኪም ዘንድ ብቻ ነው። ውል የሌለው የግል ሐኪም ያስከፈለውን ገንዘብ ድርጅቱ የመመለስ ግዴታ የለበትም።

• የልጆች የጥርስ ሕክምና ተጨማሪ መድን (ቢቱዋሕ ማሽሊም) መግዛትን አይጠይቅም።

• ለልጆች ምርመራ፣ የጥርስ እጥበትና ሌሎች የመከላከያ ሕክምናዎች ክፍያ የላቸውም። ለሙሌት፣ ለጥርስ ሥር ሕክምና፣ ጥርስ ለመንቀልና ለመሳሰሉት ደግሞ የተወሰነ የድርሻ ክፍያ አለ።

• ጥርስ ለማስተካከል የሚታሰረው ሽቦና ለውበት ብቻ የሚደረግ ሕክምና በሕጉ ዝርዝር ውስጥ አይካተቱም።

መብቱ እንዴት ተገኘ

የመንግሥት የጤና መድን ሕግ በ1994 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሕግ መሠረት ማንኛውም ነዋሪ ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሀደትና ለኡሚት ከተባሉት አራት የጤና ድርጅቶች በአንዱ ይመዘገባል። ድርጅቱም የአባሉን ዕድሜና የጤና ሁኔታ ምክንያት ሳያደርግ በሕግ የተወሰኑትን የጤና አገልግሎቶች ዝርዝር (ሳል ሀብሪኡት) የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ሕጉ ሲወጣ ግን የጥርስ ሕክምና ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም ነበር። የሆድ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በጤና ድርጅቱ ሲታከም፣ ጥርሱን የታመመ ሰው የሕክምናውን ዋጋ በሙሉ ከኪሱ ይከፍል ነበር። በዚህ ምክንያት አቅም ያለው ቤተሰብ የልጁን ጥርስ በጊዜው ሲያሳክም፣ አቅም የሌለው ሕመሙን እስኪብስ ታግሦ በመጨረሻ ጥርሱን ያስነቅል ነበር።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው በ2010 ነው። በዚያ ዓመት ዕድሜያቸው 8 ዓመት ላልሞላ ልጆች የጥርስ ሕክምና በአገልግሎቶቹ ዝርዝር ውስጥ ተካተተ። የዕድሜ ጣሪያው በቀጣዮቹ ዓመታት ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ሄዶ በ2019 መብቱ 18 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ሁሉ የሚያጠቃልል ሆነ። በዚያው በ2019 ዕድሜያቸው 75 ዓመት የሞላ አረጋውያን የመብቱ ተጠቃሚ ሆኑ፤ ኋላም የዕድሜው መነሻ ወደ 72 ዝቅ ብሏል።

እነዚህን ዓመታት ማወቅ የሚጠቅመው ለታሪክ ብቻ አይደለም። በ1984 እና በ1985፣ እንዲሁም በ1991 ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆችና አያቶች አገሩን የለመዱት የጥርስ ሕክምና ሁሉ በግል ገንዘብ ይከፈል በነበረበት ዘመን ነው። «ኩፓት ሆሊም ጥርስ አያክምም» የሚለው አነጋገር ለዚያ ጊዜ እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ለልጆችም ሆነ ለአረጋውያን እውነት አይደለም። በቀድሞው ልምድ ላይ ተመሥርቶ የልጅ ልጅን ሕክምና ማዘግየት አላስፈላጊ ጉዳት ያስከትላል።

ገንዘቡ ለሐኪሙ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ሠራተኛው ከደመወዙ ላይ የሚቀነሰው የጤና መድን መዋጮ በብሔራዊ መድን ድርጅት (ቢቱዋሕ ለኡሚ) ይሰበሰባል። መንግሥት ከበጀቱ የሚያክለው ገንዘብም አለ። ይህ ገንዘብ ለአራቱ የጤና ድርጅቶች የሚከፋፈለው በዋናነት እያንዳንዱ ድርጅት ባሉት አባላት ቁጥር፣ እንዲሁም በአባላቱ ዕድሜ፣ ጾታና የመኖሪያ አካባቢ ላይ ተመሥርቶ ነው። ልጆች መዋጮ አይከፍሉም፤ ሆኖም እንደ ማንኛውም አባል ሙሉ መብት አላቸው። ወላጅ የመዋጮ ዕዳ ቢኖርበትም እንኳ በዚህ ምክንያት እርሱም ሆነ ልጁ በሕግ የተወሰነውን አገልግሎት አይከለከሉም።

የጤና ድርጅቶቹ በበኩላቸው የጥርስ ሕክምናውን በሁለት መንገድ ያቀርባሉ። አንደኛው በራሳቸው የጥርስ ክሊኒኮች ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ድርጅቱ በየአካባቢው ካሉ የጥርስ ሐኪሞች ጋር በሚገባው ውል ነው። ውል የገባው ሐኪም ልጁን ካከመ በኋላ የሰጠውን አገልግሎት ለድርጅቱ ያሳውቃል፤ ድርጅቱም በውሉ መሠረት ይከፍለዋል። ወላጁ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎ ኋላ እንዲመለስለት ማመልከት አይጠበቅበትም።

ከዚህ የክፍያ ሥርዓት ለተገልጋዩ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን መረዳት ይቻላል።

አንደኛ፣ የልጁ ሕክምና አስቀድሞ የተመደበለት ገንዘብ አለ። ቤተሰቡ ወደ ጥርስ ሐኪም ባለመሄዱ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ያልተጠቀመበት መብትም በገንዘብ ተለውጦ አይሰጠውም። ልጁን ለዓመታዊ ምርመራ መውሰድ እርዳታ መለመን ሳይሆን በሕግ የተሰጠን መብት መጠቀም ነው።

ሁለተኛ፣ መብቱ የተያያዘው ከውሉ ጋር ነው። ሁለት ሐኪሞች በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ክሊኒክ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንደኛው ከክላሊት ጋር ውል ሲኖረው ሁለተኛው ከመኡሀደት ጋር ብቻ ውል ሊኖረው፣ ወይም ጭራሹን ውል ላይኖረው ይችላል። የክላሊት አባል የሆነ ልጅ መብቱን የሚያገኘው በመጀመሪያው ክሊኒክ ነው። ወደ ሁለተኛው ቢሄድ ቤተሰቡ ሙሉ ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ሦስተኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ሕክምና ሐኪሙ ክፍያውን የሚያገኘው ከድርጅቱ ስለሆነ፣ ከተወሰነው የድርሻ ክፍያ በላይ ከታካሚው ሊጠይቅ አይገባም።

ለልጆች የሚሸፈኑ ሕክምናዎች

የመጀመሪያው ክፍል የመከላከያ ሕክምና ሲሆን ያለ ክፍያ ይሰጣል። በዚህ ውስጥ የጥርስ ምርመራ፣ ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የሚነሣ የጥርስ ራጅ፣ በጥርስ ንጽሕና ባለሙያ (ሺናኒት) የሚደረግ የጥርስ እጥበት፣ ፍሎራይድ መቀባት፣ የመንጋጋ ጥርሶችን ስንጥቅ መድፈንና ስለ አቦራረሽ የሚሰጥ ምክር ይገኛሉ።

ሁለተኛው ክፍል ጥርስን የማዳንና የመጠገን ሕክምና ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ሙሌት፣ የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ክፉኛ የተጎዳ የወተት ጥርስን በሽፋን መጠበቅ፣ ጥርስ መንቀል፣ የወተት ጥርስ ያለ ጊዜው ሲነቀል ቦታውን ለተተኪው ጠብቆ የሚያቆይ መሣሪያ ማድረግና ለድንገተኛ ሕመም የሚሰጥ እርዳታ በዚህ ክፍል ይመደባሉ። ለእነዚህ ሕክምናዎች ቤተሰቡ የድርሻ ክፍያ ይከፍላል። የክፍያው መጠን በየጊዜው ስለሚስተካከል ቀጠሮ በሚያዝበት ጊዜ መጠየቅ ይገባል። በግል ክሊኒክ ከሚጠየቀው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ይህ ድርሻ እጅግ ያነሰ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ የማይካተቱ ሕክምናዎችም አሉ። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚጠየቀው የተዛነፉ ጥርሶችን ለማስተካከል የሚደረገው ሕክምና ነው። ይህ ሕክምና በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ቤተሰቡ በራሱ ወጪ ያሳክማል፣ ወይም ተጨማሪ መድን ካለው በዚያ ውል የተፈቀደውን ቅናሽ ይጠቀማል። ጥርስን ማንጣትና ለውበት ብቻ የሚደረጉ ሌሎች ሕክምናዎችም አይሸፈኑም።

ስለ ተጨማሪ መድን አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ተጨማሪ መድን ፈቃደኛ የሆነ አባል በየወሩ ለጤና ድርጅቱ እየከፈለ የሚገዛው የተለየ ውል ነው። ከሕጉ ዝርዝር ውጪ ለሆኑ አገልግሎቶች ሊጠቅም ይችላል። ከላይ የተዘረዘሩት የልጆች ሕክምናዎች ግን በሕግ የተሰጡ ስለሆኑ ተጨማሪ መድን የሌለው ልጅም እኩል ያገኛቸዋል። «ማሽሊም ስለሌለን ልጃችን አይታከምም» ብሎ መቅረት አይገባም።

የወተት ጥርስ ለምን ይታከማል?

ሕጉ መብቱን ከልደት ጀምሮ የሰጠው በምክንያት ነው። የወተት ጥርስ በኋላ ስለሚወልቅ ማሳከም አያስፈልግም የሚለው አስተሳሰብ ልጆችን ለብዙ ሥቃይ ይዳርጋል። የተበላሸ የወተት ጥርስ እንደ ማንኛውም ጥርስ ያማል፤ ሊመግልና ፊትን ሊያሳብጥ ይችላል። ልጁ እንዳይበላ፣ እንዳይተኛና ትምህርቱን በደንብ እንዳይከታተል ያደርገዋል። ያለ ጊዜው ሲነቀል ደግሞ በዙሪያው ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ስለሚገፉ፣ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ አጥቶ ተዛንፎ ሊወጣ ይችላል። የተዛነፈውን ለማስተካከል የሚደረገው ሕክምና በሕጉ ስለማይሸፈን፣ በድርሻ ክፍያ ብቻ ሊታከም ይችል የነበረው ጥርስ ኋላ ቤተሰቡን ብዙ ገንዘብ ሊያስወጣ ይችላል።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው የሚወጣው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው። ይህ ጥርስ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሚያኝክበት ጥርስ መሆኑ ነው። የላይኛው ገጹ ጠባብና ጥልቅ ስንጥቆች ስላሉት ምግብ ይይዛል፤ ብሩሽም በቀላሉ አይደርስበትም። ሐኪሙ ወይም የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዋ ስንጥቆቹን ያለ ሕመምና ያለ ማደንዘዣ ሊደፍኗቸው ይችላሉ። ይህ አገልግሎት ያለ ክፍያ ከሚሰጡት አንዱ በመሆኑ በዚህ ዕድሜ የሚደረገውን ምርመራ አለማሳለፍ ይበጃል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ጥንቃቄ የሕክምናው ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ጊዜ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ማጽዳት፣ ልጁ በራሱ በደንብ መቦረሽ እስኪችል ድረስ ወላጅ ማገዝ፣ ሕፃንን ጣፋጭ መጠጥ በተሞላ ጡጦ አለማስተኛት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በመፋቂያ መጠቀም የለመዱ ቤተሰቦች ልማዱን መተው አይጠበቅባቸውም፤ ሆኖም መፋቂያ ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለውን ፍሎራይድ ስለማይተካ ከእርሱ በተጨማሪ በጥርስ ሳሙና መቦረሽ ያስፈልጋል። በእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ (ቲፓት ሐላቭ) ያሉ ነርሶች ስለዚህ ጉዳይ ምክር ይሰጣሉ።

ለአረጋውያን የሚሰጠው መብት

ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሞላ የጤና ድርጅት አባላት የመከላከያና የጥገና ሕክምና ከማግኘታቸውም በላይ፣ ጥርስ ለጎደላቸው ሰው ሠራሽ ጥርስን የመሳሰሉ የመተኪያ ሕክምናዎች ከዝርዝሩ ውስጥ ተካተውላቸዋል። የድርሻ ክፍያው እንደ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል፤ ለመተኪያ ሕክምና የሚከፈለው ለሙሌት ከሚከፈለው ይበልጣል። ስለዚህ አረጋዊው ወይም ቤተሰባቸው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሕክምናውን ዕቅድና የድርሻ ክፍያውን ድምር በጽሑፍ መጠየቅ ይገባቸዋል።

የመብቱ መነሻ የሆነው ዕድሜ የሚቆጠረው በመታወቂያ ወረቀት (ቴኡዳት ዜሁት) ላይ በተመዘገበው የልደት ቀን ነው። ከኢትዮጵያ በመጡ አንዳንድ አረጋውያን መታወቂያ ላይ የሠፈረው የልደት ዘመን በግምት የተጻፈ በመሆኑ ቤተሰቡ ከሚያውቀው ዕድሜ ጋር ላይስማማ ይችላል። ቤተሰቡ በቃል ከሚያውቀው ይልቅ በመታወቂያው ላይ ያለውን ቀን አይቶ መብቱ መቼ እንደሚጀምር ማስላት ይኖርበታል።

በዚህ ዕድሜ የድድ ጤና ልዩ ትኩረት ይሻል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለድድ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ያልታከመ የድድ ሕመምም የስኳር መጠንን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። አረጋውያኑ ለጥርስ ሐኪሙ ያለባቸውን ሕመምና የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ በተለይም ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን መናገር አለባቸው። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ከቤተሰብ ሐኪም አስጽፎ ይዞ መሄድ የተሻለው መንገድ ነው።

ዕድሜያቸው በመካከል ላይ ላሉ

ከ18 እስከ 72 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሰዎች መደበኛ የጥርስ ሕክምና በሕጉ ዝርዝር ውስጥ አይሸፈንም። የካንሰር ሕመምተኞችን የመሰሉ በሕጉ የተለዩ ታካሚዎች ግን ከሕመማቸው ጋር ለተያያዘ የጥርስ ሕክምና መብት ሊኖራቸው ስለሚችል የጤና ድርጅታቸውን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። በመደበኛ የውትድርና አገልግሎት ላይ ያሉ ወጣቶች የጥርስ ሕክምናን ጨምሮ የጤና አገልግሎት የሚያገኙት ከጦር ሠራዊቱ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለወላጆች ጠቃሚ ማሳሰቢያ አለ። አንድ ወጣት 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ያለ ክፍያ ያገኝ የነበረው ምርመራና በድርሻ ክፍያ ብቻ ያስሞላው የነበረው ጥርስ በራሱ ወጪ የሚታከም ይሆናል። ስለሆነም 17ኛ ዓመቱ ሳያልፍ የተሟላ ምርመራ አድርጎ የሚያስፈልገውን ሕክምና ሁሉ መጨረስ ይመከራል። ቀጠሮ ለማግኘት ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል እስከ መጨረሻው ወር መጠበቅ አያዋጣም።

ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው

ተገልጋዩ በቅድሚያ ልጁ የተመዘገበው በየትኛው የጤና ድርጅት እንደሆነ ያረጋግጣል። ከዚያም በድርጅቱ የስልክ ማዕከል፣ በድረ ገጹ ወይም በአቅራቢያው ባለ ቅርንጫፍ በኩል በአካባቢው ያሉትን የድርጅቱን የጥርስ ክሊኒኮችና ውል የገቡ ሐኪሞች ዝርዝር ይጠይቃል። ከዝርዝሩ ውስጥ የሚመቸውን መርጦ ቀጠሮ ሲይዝ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማቅረብ ይጠቅማል፦

• ሐኪሙ ከእኛ የጤና ድርጅት ጋር ያለው ውል በሕግ የተወሰነውን የልጆች የጥርስ ሕክምና ይጨምራል?

• በዚህ ቀጠሮ የሚሰጠው ሕክምና ምንድን ነው? ያለ ክፍያ ነው ወይስ የድርሻ ክፍያ አለው?

• የድርሻ ክፍያው ስንት ነው? የሚከፈለው ለጉብኝት ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ሕክምና?

በቀጠሮው ቀን የወላጅን መታወቂያና የልጁን የጤና ድርጅት ካርድ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። ክፍያ ከተፈጸመም የሕክምናው ዓይነት የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ ይገባል።

አባል የሆኑበት ድርጅት በአካባቢያቸው በቂ የጥርስ አገልግሎት የሌለው መስሎ የሚታያቸው ተገልጋዮች ድርጅት የመቀየር መብት አላቸው። ዝውውሩ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ስድስት ቀናት ማለትም በጃንዋሪ፣ በማርች፣ በሜይ፣ በጁላይ፣ በሴፕቴምበርና በኖቬምበር 1 ቀን ተግባራዊ ይሆናል። የሚቀበለው ድርጅት በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት አባሉን አልቀበልም ማለት አይችልም።

ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠየቅ

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ሕክምና ሊያቀርብ ይችላል። ይህ በራሱ ክልክል አይደለም። ሆኖም ወላጁ የቀረበለት ሕክምና ከዝርዝሩ ውጪ መሆኑን፣ ዋጋውንና በዝርዝሩ ውስጥ ያለው አማራጭ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በ1996 የወጣው የታካሚ መብቶች ሕግ ማንኛውም ታካሚ ስለ ሕክምናው በሚገባው መንገድ ማብራሪያ ተሰጥቶት ፈቃዱን እንዲሰጥ ያዝዛል። በዚሁ ሕግ መሠረት ታካሚው የሕክምና መዝገቡን ቅጂ የመውሰድና የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት አለው።

ስለዚህ ያልተጠበቀ የገንዘብ ጥያቄ የቀረበለት ወላጅ በዚያው ቅጽበት ለመወሰን አይገደድም። የዋጋውን ዝርዝር በጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ጤና ድርጅቱ በመደወል «ይህ ሕክምና ለልጄ በሕግ ይሸፈናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በጽሑፍ የተያዘ ዝርዝር ኋላ አቤቱታ ለማቅረብም ያግዛል።

በቋንቋ ስለመረዳዳት

ማብራሪያው ያልገባው ሰው ፈቃዱን በትክክል ሰጠ ማለት አይቻልም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለተገልጋዮች በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ ወስኗል። ዕብራይስጥ በደንብ የማይችል ተገልጋይ ቀጠሮ ሲይዝ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ መናገር ይገባዋል። ትንንሽ ልጆችን ለወላጆቻቸው ወይም ለአያቶቻቸው አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይመከርም። ልጁ የሕክምና ቃላትን ላያውቅ ይችላል፤ አረጋዊውም በልጁ ፊት ሕመማቸውን ገልጠው ለመናገር ሊያፍሩ ይችላሉ።

አቤቱታ ለማቅረብ

የሚሸፈን ሕክምና የተከለከለ፣ ከተወሰነው በላይ ክፍያ የተጠየቀ ወይም ቀጠሮ ከመጠን በላይ የዘገየበት ተገልጋይ በመጀመሪያ ለጤና ድርጅቱ የአባላት አቤቱታ ክፍል በጽሑፍ ያመለክታል። በማመልከቻው ላይ የልጁ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የክሊኒኩ ስም፣ ሕክምናው የተሰጠበት ወይም የተከለከለበት ቀንና የተከፈለው ገንዘብ መጠን ይገለጻል፤ ደረሰኙና የዋጋ ዝርዝሩም ይያያዛሉ።

የተሰጠው መልስ ያላረካው ተገልጋይ በጤና ሚኒስቴር ውስጥ ለሚገኘው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ የሕዝብ አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። በአባሉና በድርጅቱ መካከል የሚነሣ ክርክር በሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤትም ሊታይ ይችላል። የሕክምናውን ጥራት ወይም የሐኪሙን ሥነ ምግባር የሚመለከት አቤቱታ ደግሞ የጤና ባለሙያዎችን ለሚመለከተው የሚኒስቴሩ ክፍል ይቀርባል። ስለ መብቶች አጠቃላይ መረጃ የሚፈልጉ ሰዎች ወደ ሚኒስቴሩ የመረጃ ማዕከል ኮል ሀብሪኡት በስልክ ቁጥር *5400 መደወል ይችላሉ።

ልጁ በዚህ ዓመት የጥርስ ምርመራ ካላደረገ፣ ሕመም እስኪሰማው መጠበቅ አያስፈልግም። ለምርመራው የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ በጊዜ የተገኘ ትንሽ ቀዳዳም በአንድ ጉብኝት ሊሞላ ይችላል።